ሁለቱ ላሞች

በ፲፱፻፶፮ ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር፣ በዳንግላ የገበያ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በአቶ ቢሻው ክፍል ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የኑግ ዘይት አክሲዮን ማኅበር ወኪል የሆኑት አቶ ቢሻው ራሳቸው፣ ከዘንገና ሐይቅ አጠገብ የመጣው ገበሬ እንየውና ከአዲስ ቅዳም የመጣችው ይታይሽ። እንየውና ይታይሽ እስካለፈው ግንቦት ድረስ ባልና ሚስት ነበሩ። በጠረጴዛው ላይ፣ በሚዛኑና በቀለም ጠርሙሱ መካከል፣ ለሁለት የተቆረጠ አንድ ወረቀት ተዘርግቷል።

አቶ ቢሻው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ወረቀቱን አዩት። መነጽሩን አወረዱና እንደገና አዩት።

«ማነው ይህን የቆረጠው?»

«ሽማግሌዎች አስቆረጡን» አለ እንየው።

«በምን?»

«በምላጭ።»

«እንኳንም በሬ አልሆነ!» አሉ አቶ ቢሻው። «በሬ ቢሆን ኖሮ አንዳችሁ ቀንዱን፣ አንዳችሁ ጭራውን ይዛችሁልኝ ትመጡ ነበር።»

ሳቁ። የሳቁት ብቻቸውን ነበር።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። በእነእንየው አገር ባልና ሚስት ሲለያዩ አንዱ ንብረቱን ይከፍላል፣ ሌላው ይመርጣል። እንዲህ ሲሆን ከፋይ አያዳላም፣ መራጭም አያማርርም። እህሉን፣ በጎቹን፣ የንብ ቀፎውን ሳይቀር በዚሁ ደንብ ተካፈሉ። በመጨረሻ ከሳጥኑ ሥር የአራት አክሲዮን ወረቀት ወጣ። ከተቀመጡት ሽማግሌዎች መካከል ማንበብ የሚችል አልነበረም። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረና ትልቁ ሽማግሌ ገብረ ማርያም ጋ ሲደርስ «ይህም ንብረት ነው፤ እንደ ሌላው ይከፈል» አሉ። ይታይሽ ምላጩን ተቀብላ ወረቀቱን እኩል አጠፈችና በእጥፋቱ ላይ ቆረጠችው። መምረጥ የእንየው ተራ ነበር። የላይኛው ግማሽ ጽሑፍ ብቻ ነው። በታችኛው ግማሽ ላይ ግን ክብ ሐምራዊ ማኅተም አርፎበታል። እንየው ዳኛ ፊት ቆሞ ያውቃል፤ ማኅተም የሌለው ወረቀት እንዴት እንደሚጣል አይቷል። ስለዚህ ማኅተሙን አነሣ። ስማቸውም ቁጥሩም በላይኛው ግማሽ ላይ እንደ ነበረ ያወቀው ገና ዛሬ ጠዋት፣ አቶ ቢሻው ሲያነቡት ነው።

«አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም» አሉ አቶ ቢሻው። «የሁለታችሁም ስም አንድ ላይ ነው የሰፈረው። ብትሸጡትም፣ ትርፍ ብትቀበሉበትም፣ በአንድ ቀን አብራችሁ መጥታችሁ አሻራ ማድረግ አለባችሁ።»

«ትርፉ በየስንት ጊዜው ነው?» አለ እንየው።

«ካልሸጣችሁት በየዓመቱ።»

ከዚያ ወዲያ አቶ ቢሻው ያሉትን እንየው በግማሽ ልብ ነው የሰማው። ማኅበሩ አዲስ መጭመቂያ ሊተክል ስለ ሆነ፣ መሸጥ የሚፈልግ ባለ አክሲዮን በገዛበት ዋጋ ላይ ሦስት አራተኛ ያህል ተጨምሮለት ዛሬ ይሸጣል፤ የማይፈልግ ያቆያል። በየገበያው ያስነገሩትም ለዚህ ነው። እንየው ግን በየዓመቱ የምትለዋን ቃል ይዞ ቀርቶ ነበር። በዓመት አንድ ቀን። አንድ ጠረጴዛ አጠገብ፣ አንድ የቀለም ሰሌዳ ላይ፣ የእሷ ጣት ከዚያም የእሱ ጣት።

አቶ ቢሻው ከጎረቤት ሻይ ቤት ጥቂት ሊጥ አስመጡ። ሁለቱን ግማሾች ገጥመው ከጀርባቸው ሌላ ወረቀት ለጠፉበትና ከበራፉ፣ ፀሐይ ላይ፣ አራት ጠጠር ጭነው አሰጡት።

«እስኪደርቅ እናንተም አየር አግኙ» አሏቸው።

እንየውና ይታይሽ ከግድግዳው ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። በመካከላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ቀረ። ከመንገዱ ማዶ ኑግ የጫኑ አህዮች ይራገፋሉ፤ የማራገፊያው አቧራ እስከ እነሱ ድረስ ይመጣል። ይታይሽ ከስታለች። ጠዋት ስትገባ አቶ ቢሻውን እጅ አልነሣችም፤ የሳቡላትን ወንበርም አልተቀመጠችበትም።

«ያቺ በቅሎ የማን ናት?» አለች በድንገት፣ ከዋርካው ሥር ወደ ታሰረችው በቅሎ እያየች።

«የገብረ ማርያም።»

«ፈረስህስ?»

«ያውልሽ፣ ከኋላዋ።»

«አንድ ሰው ሆነህ ሁለቱን ምን ልታደርጋቸው አመጣህ?»

«ጨው ልጭንባት ብዬ።»

«ኮርቻ ላይ?»

 እንየው በመንገድ ላይም ሰው ሁሉ በዚያች ባዶ ኮርቻ ሲሳለቅበት ነው የመጣው። አንዱ እረኛ «ሙሽራይቱን የት ጣልካት?» ብሎታል። ይታይሽ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች፤ ግን ፈገግታዋን ዓይኗ ላይ አየው። ከካቻምና ነሐሴው የልጃቸው ቀብር ወዲህ አይቶት አያውቅም።

«ዕርካቡንም አሳጥረኸዋል» አለች ቀስ ብላ። «በእኔ እግር ልክ።»

«እንዲያው… እንዲያው ከሆነ ብዬ ነው።»

ልጃቸው ዓለምነው በሞተ ጊዜ ዓመት ከመንፈቁ ነበር። ለእንዲህ ያለ ሕፃን ተዝካር አይወጣም፤ ስለዚህ ሰው የሚሰበሰብበት፣ ስሙ የሚነሣበት ቀን አልነበረውም። ስሙን ሁለቱም በየልባቸው ይዘውት ዘጠኝ ወር በአንድ ጣሪያ ሥር ኖሩ፤ ከዚያ ይታይሽ ወደ ወንድሟ ቤት ሄደች። የተጣሉበትን ነገር ሽማግሌዎቹ ሲጠይቋት «ላሚቱ» ከማለት በቀር ሌላ አልተናገረችም። ላሚቱ ቦራ ነበረች፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት። የይታይሽ ጡት በሕመም በደረቀበት ዓመት ልጁን የምታሳድገው እሷ ነበረች። እንየው ጥሊሊ ወስዶ ሸጣትና አራት አክሲዮን ገዛባት። ልጁ ሲያድግ ዳንግላ ትምህርት ቤት የሚያስገባው፣ ተቀምጦ የሚወልድ ገንዘብ ነው ብሎ። ከዚያ በኋላ የጎረቤት ወተት አንድ ቀን ሲገኝ ሦስት ቀን ታጣ፤ ልጁም በገብስ አጥሚት ክረምቱን መሻገር አቃተው።

«እኔ አንተን ጠልቼ አይደለም የወጣሁት» አለች ይታይሽ። ዓይኗን ከበቅሎዋ አላነሣችም። «ባየሁህ ቁጥር ቦራ ትመጣብኛለች እንጂ። አሁን ሳስበው ጥፋቱ ያንተ አይደለም። አንተ ገበሬ ነህ፤ የወረቀት ነገር ከየት ታውቃለህ? ይኼ ሰውዬ ነው ሽጣት ብሎ የመከረህ። ራስህ አይደለህ የነገርከኝ? ያለችንን አንዲት ላም አሸጠን። እግዜር ይይለት።»

እንየው አፉን ከፈተ።  እውነቱን አሁን ቢናገረው፣ እዚህ አግዳሚ ላይ፣ ከራሱ አፍ ብትሰማው ምናልባት… አህያ ነጂው ከማዶ ጮኸ፣ አንድ ጆንያ ወደቀ፣ ኑጉ ፈሰሰ። ሰው ሲሯሯጥ እንየው አፉን ገጠመ። ይታይሽ ዝምታውን ከሐዘን ቆጠረችለት፤ በመካከላቸው ወዳለው ቦታም ትንሽ ጠጋ አለች።

«ቦራን የገዛት ሰው መልሶ ሊሸጣት ነው አሉ» አለች። «ድርሻዬን ይዤ ልገዛት ጥሊሊ ልወርድ ነበር። የወንድሜ ሚስት አራስ ናት።»

«ብናቆየውስ?»

«ምኑን?»

«ወረቀቱን። በየዓመቱ እንመጣለን። አብረን።»

 ይታይሽ ተነሥታ ነጠላዋን አራገፈች።

«እንጠይቀው» አለች። «ይምከረን። ዛሬ ግን እኔም አለሁ፤ የሚለውን በጆሮዬ እሰማለሁ። ሁለተኛ አያታልለንም።»

እንየው ሊያስቀራት እጁን ዘረጋ፤ እሷ ግን የደረቀውን ወረቀት አንሥታ ገብታ ነበር።

አቶ ቢሻው ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አንሥተው መጋጠሚያውን መረመሩና ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ይታይሽ በዚህ ጊዜ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«ብናቆየው ይሻላል ወይስ ብንሸጠው?» አለቻቸው። «እውነቱን ይንገሩን። ያን ጊዜ እንደ መከሩት አይደለም።»

አቶ ቢሻው የነገሯ ጫፍ አልተያዘላቸውም። ቢሆንም አልተቆጡም፤ ምክር ሲጠየቁ ደስ የሚላቸው ሰው ነበሩ።

«እህቴ፣ እኔ አቆዩ ወይም ሽጡ ከማለቴ በፊት የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ለመጣው ሁሉ የምጠይቀው ነው። ከዚህ ወረቀት ሌላ ምን አላችሁ? ወረቀት አይታለብም፣ አይታረስበትም። የሚበላው ያለው ሰው ያቆያል፤ የሌለው ይሸጣል። ለእሱም ያን ጊዜ እዚሁ ቆሞ ይህንኑ ነው ያልኩት። ላም ልሸጥ ነው ሲለኝ፣ ‹ሌላ ላም አለህ ወይ?› አልኩት። ‹ሦስት አሉኝ፣ አንዷ ብትሸጥ ሁለት ይተርፉኛል› አለኝ። እንዲያ ከሆነ ግዛ አልኩት። አንዲት ብቻ ናት ቢለኝማ፣ በማርያም፣ ከዚህ በር አስወጣው ነበር እንጂ አልሸጥለትም።»



እንየው ያን ቀን አስታወሰ። ጫማ ያደረጉ ሦስት ነጋዴዎች ተራቸውን እየጠበቁ ከኋላው ቆመው ነበር። አንዱ ስለ መጋዘኑ ያወራል፣ ሌላው ስለ መኪናው። «ሌላ ላም አለህ ወይ?» ሲባል ሁሉም ዘወር ብለው አዩት። አንዲት ብቻ ናት ማለት አፈረ። ይህ ብቻ ነው። በአንድ ትንፋሽ ያወጣው ቃል ነው። ቤቱ ሲገባ ደግሞ ይታይሽ እንዳታኮርፈው «አቶ ቢሻው ሽጣት ብሎኝ ነው» አለ።

ይታይሽ ወደ እሱ ዞረች። የጠየቀችው በአገውኛ ነው፤ አቶ ቢሻው ከደብረ ማርቆስ የመጡ ስለ ነበሩ ቋንቋውን አይሰሙም።

«ሦስት አልከው?»

«አዎ።»

«ሁለቱ የት ነበሩ፣ እንየው?» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ልጄ ሌሊቱን ሲያለቅስ፣ እኔ ጎረቤት ለጎረቤት ቅል ይዤ ስዞር፣ ሁለቱ ላሞችህ የት ነበሩ?»

አቶ ቢሻው አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አዩ። «ምን ተባባላችሁ? ተስማማችሁ?»

«ይሸጥ» አለች ይታይሽ በአማርኛ።

አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ጫነች፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ጫነች። እንየው ተራው ሲደርስ አቶ ቢሻው ጣቱን ይዘው አገዙት፤ እጁ ቦታውን ስቶ ነበርና። አሻራው መጋጠሚያው ላይ አረፈ፤ እኩሌታው በማኅተሙ ወገን፣ እኩሌታው በስማቸው ወገን።

ብሩ እኩል ተከፈለ። እንየው የራሱን ድርሻ ሳያነሣ ወደ እሷ ገፋው። ይታይሽ ገንዘቡን በአንድ ጣቷ ወደ እሱ መለሰችው፣ የራሷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች፤ ለአቶ ቢሻው ጎንበስ ብላ እጅ ነሥታ ወጣች።

እንየው በራፉ ላይ ቆሞ ሲያያት ከዋርካው ሥር ስትደርስ ቆመች። አንድ እርምጃ ወደ እሷ ተራመደ። እሷ ግን በቅሎዋን አልፈታቻትም። ጎንበስ ብላ ያሳጠረውን የዕርካብ ጠፍር ፈታችና ወደ ቀድሞው ቀዳዳ መለሰችው፤ ወዲያ ማዶ ዞራ ሌላውንም እንዲሁ አደረገች። ከዚያ አንገቷን አንዴ ዳበሰቻት።

ይታይሽ በስምንት ሰዓት በተነሣው የጭነት መኪና ወደ አዲስ ቅዳም ሄደች። እንየው በማግስቱ በቅሎዋን ለገብረ ማርያም መለሰ።