ለግፊቷ ሲባል የተደበቀ መርዶ

ሹፌሩ ደገፋ ከሻሸመኔ ያመጣላትን የጨርቅ ጥቅል ከሱቋ ደጃፍ አወረደና ኮፍያውን አወለቀ።

«አከም ጅርቱ፣ እትዬ ዙለይካ። አላህ ያጽናዎት። ቀብሩ ላይ ሳጣዎት አሞዎት ይሆናል ብዬ ነበር።»

«የማን ቀብር?»

«የጋሽ ጠሃ ነዋ…» አለ ደገፋ። «አልነገሩዎትም እንዴ?»

ዙለይካ ጥቅሉ ላይ ተቀመጠች። ጠሃ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው፣ ሻሸመኔ የሚኖር ታናሽ ወንድሟ ነው። ልቧ ደረቷን ደበደበው፣ ጆሮዋ ጮኸ፤ ግን አልወደቀችም። የሰሞኑ ነገር አንድ በአንድ ይገጣጠምላት ጀመር። ልጇ ጃፋር በየማለዳው የደም ግፊት ክኒኗን በመዳፉ ይዞ እየመጣ፣ እስክትውጠው አጠገቧ ይቆም ነበር። ልጄ አሰበልኝ ብላ መርቃዋለች። ምራቷ ሑስና ስልኳን «ይጠገን» ብላ ወስዳዋለች። ጃፋርም አንድ ቀን «ሽንኩርት ልጭን ቡልቡላ ነኝ» ብሎ ውሎ፣ ማታ አንድ ጆንያ አስጭኖ ገብቷል። ያን ሽንኩርት ስትልጥ ዓይኗ አልቅሷል። ለወንድሟ የፈሰሰው እንባ እሱ ብቻ መሆኑ ነው።

በባጃጅ ቤቷ ደረሰች። ጃፋር ፊቷን አይቶ ውሃ ሊያመጣ ተነሳ። የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም፣ ሐጂ አብዱልጀባር፣ ሶፋው ላይ ነበሩ።

«ጠሃን ቀብረህ ሽንኩርት አመጣህልኝ?»

«እማ፣ ግፊትሽን ፈርተን ነው። ቀስ ብለን ልንነግርሽ…»

«ለግፊቴ መድኃኒት አለኝ! ለዚህ ምን ልዋጥ? ሐኪሟ ስትናገር አጠገቤ አልነበርክም? ጭንቀት ሲመጣ ልብሽ እንዳይጎዳ ክኒኑ ያግዘዋል፣ አታቋርጪው አለችኝ። ወንድምሽ ሲሞት አትስሚ አለችኝ?»

«ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አሉ ሐጂው። «ደንግጠሽ ብትከተይው ማን ይጠየቅ ነበር?»

«ታዲያ የፈሩት ለራስዎ ነዋ!»

ሐጂው ጢማቸውን ዳበሱ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የገዛ እህታቸው መርዶ እንደሰማች ወድቃ አልተነሳችም። ዙለይካ ይህን ታውቃለች። ያቺ ሴት ግን ክኒኗን ጥላ የከረመች ነበረች። ዙለይካ አንድም ቀን አጓድላ አታውቅም።

«ታሞ ነበር?» አለችው ጃፋርን።

«ሆስፒታል ተኝቶ ነበር።»

«ስሜን ጠራ?»

ጃፋር መሬት መሬት አየ። «ዙለይካ የት ቀረች ይል ነበር። አሟት ነው አልነው።»

«የኔን ልብ ከጭንቀት ልታድኑ፣ ለሚሞት ሰው ጭንቀት ሰጣችሁት! እህቴ ምን ሆና ይሆን እያለ ነዋ የሄደው!»

እጇን ዘረጋች። «ክኒኔን ወዲህ በል!»

ጃፋር ማሸጊያውን ከኪሱ አወጣ። ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ከእንግዲህ ራሴ እውጠዋለሁ።»

«ወዴት ነው፣ እማ?»

«ሻሸመኔ፤ ወንድሜ ቤት። ደገፋ ይወስደኛል።»

«መንገድ ላይ ብትወድቂስ?»

«ብወድቅ እሱ ይነግርሃል። መደበቅ አይችልበትም።»