የሰማውን የደበቀ ጆሮ

ዘርአብሩክ የአበራን አባት ዝግባ የቆረጠው በሐሰት ምሎ ነው። «ዛፉ በእኔ ድንበር ውስጥ ነው፤ ሲከለል በዓይኔ አይቻለሁ» አለ፤ ሽማግሌዎች አመኑት። ኋላም አስታረቋቸው። አበራ እጁን ዘረጋ፤ ልቡን ግን አልዘረጋም።

ከአንጋጫ ወረድ ብላ ባለችው በዚያች መንደር፣ ምሰሶ ከመቆሙ በፊት ጆሮው የተመሰከረለት ሰው ውስጡን ትል እየበላው እንደሆነ እንጨቱን ያዳምጣል። የመንደሩ ጆሮ አበራ ነበር። እርቅ ከወረደ በኋላ እሱን አለመጥራት ደግሞ ነውር ነው። ዘርአብሩክ ያንኑ ዝግባ ለአዲሱ ሳር ቤቱ ምሰሶ አድርጎ ጠረበና አስጠራው።

«ጋሼ አበራ፣ እስቲ ስማልኝ።»

አበራ ተንበርክኮ ጆሮውን ለጠፈ። ቅርጭጭ፣ ቅርጭጭ ይላል። አወቀው። ቀንዱ ከገላው የሚረዝም፣ ከጫካ የማይወጣ ጥንዚዛ ነው፤ ትሉ የሸመገለ ዝግባ ልብ ውስጥ ገብቶ፣ ጥንዚዛ ሆኖ እስኪወጣ ለዓመታት ይበላል። አባቱ በዕድሜው ሁለቴ ብቻ ነው ያየው። አበራ ጫካው ሲመነጠር አብሮ የጠፋ መስሎት ነበር።

«እህሳ?» አለ ዘርአብሩክ።

«ደህና ነው። አቁመው።»

«ጌታ ይባርክህ!»

በሦስተኛው ክረምት ምሰሶው ዱቄት ያራግፍ ጀመር። ጣሪያው ዘመመ። ዘርአብሩክ ቤቱን በባሕር ዛፍ ደግፎ አበራ ደጅ መጣ።

«ሰምተህ ነበር፣ አይደል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ምነው ደህና ነው አልከኝ?»

«አንተ ያላየኸውን አየሁ አልክ። እኔ የሰማሁትን አልሰማሁም አልኩ። ምን ይደንቅሃል?»

 የዘርአብሩክ ዓይን አበራ ጓሮ ወደቆመው ዝግባ ሄደ። ለምሰሶ የሚበቃ ሌላ ዛፍ በመንደሩ አልቀረም።

«ያንን ስጠኝ። ያልከኝን አደርጋለሁ።»

«ምሰሶውን ወደ ጉቶው መልስ። በገበያ ቀን፣ በትከሻህ። ያኔ እንነጋገራለን።»

መንገዱ በገበያው መሀል ነው። ዘርአብሩክ ከሰባት ሰዎች ጋር ተሸክሞ ሲያልፍ ድንች ሻጯ አስካለች ጮኸችበት።

«አንተ ዘርአብሩክ! የተቆረጠ ዛፍ ተመልሶ ይተከላል እንዴ?»

ገበያው ሳቀ። እሱ ቀና አላለም።

አበራ ጉቶው ዘንድ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ሲያወርዱት ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ለጠፈ። አሁንም ቅርጭጭ ይላል።

«ይኸው መለስኩት» አለ ዘርአብሩክ እያለከለከ። «ዝግባውስ?»

«ከዚህ ምሰሶ የመጨረሻው ጥንዚዛ ሲወጣ ናና ቁረጥ።»

«መቼ ነው የሚወጣው?»

አበራ ዱላውን አንስቶ መንገድ ጀመረ።

«እኔ እንጃ። አባቴ በዕድሜው ሁለቴ ነው ያየው።»