ረዳቱን ማን አጠፋው?

የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ አሁንም ደወሉልኝ። «ኧረ ልጅቷ ማደንዘዣ ወስዳ ተኝታለች! ምስሉን ሳላይ ጭንቅላቷን ከየት ልክፈተው?»

«ኮምፒውተሩ እየተነሳ ነው ዶክተር፣ ትንሽ ይታገሱኝ» አልኳቸው።

የሆስፒታሉ የራጅና የስካን ምስሎች በሙሉ ምድር ቤት ባለው ትልቅ የኮምፒውተር ማከማቻ ውስጥ ናቸው። ምስሉን ፈልጎ ለሐኪሞች የሚያቀብለው ግን በማከማቻው ውስጥ የሚሠራ፣ የራሱ አካል የሌለው፣ በፕሮግራም ብቻ የተሠራ ኮምፒውተር ነው፤ እኛ «ረዳቱ» እንለዋለን። ማብሪያ ማጥፊያ የለውም። የሚጠፋውም የሚነሳውም ስክሪን ላይ በሚከፈት ጥቁር መስኮት ውስጥ በሚጻፍ ትዕዛዝ ነው። ጠዋት ስታክ አደረገ፤ ቀጥ አለ።

አጠፋሁት፣ አስነሳሁት። «በመነሳት ላይ» ይላል። ጥፍሬን እየበላሁ አፈጥበታለሁ። ሊነሳ ጥቂት ሲቀረው ድርግም! እንደገና ሞከርኩ። አሁንም ድርግም። ብድግ አልኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ወንበሩን ገፋሁት። ምን ዓይነት መዓት ነው?

በመጨረሻ እነማን እንደገቡበት የሚያሳየውን ትዕዛዝ ጻፍኩ። ሁለት ስም መጣ፤ የእኔና የባሌ።

ባሌ እዚሁ ሆስፒታል፣ ማዶ ባለው ሕንፃ እንደ እኔው ኮምፒውተሮቹን ይቆጣጠራል። ጠዋት ከቤት የወጣነው ተኮራርፈን ነው። የጀመርኩትን ነገር ሁሉ ነጥቆ ካልጨረሰ አይሆንለትም፤ ሽንኩርት ስከትፍ እንኳ ቢላውን ይቀማኛል። ታዲያ ረዳቱ ሲቆም እሱም አልደወለልኝ፣ እኔም አልደወልኩለት። እሱ ሲያስነሳው እኔ «ቆሟል» ብዬ አጠፋዋለሁ፣ እኔ ሳስነሳው ደግሞ እሱ።

ደሜ ፈላ። ደወልኩለት።

«አንተ ሰውዬ፣ እጅህን አንሳልኝ!»

«እንዴ! አንቺ ነሽ የምታጠፊብኝ? አሁን ያስነሳሁት እኔ ነኝ፣ አንቺ እጅሽን አንሺ!»

«ቀድሜ የጀመርኩት እኔ ነኝ እኮ...»

የጠረጴዛው ስልክ ጮኸ። የሐኪሙ ቁጥር ነው። ልጅቷን አሰብኳት፤ እኛ ስንነታረክ እሷ እዚያ ተኝታለች።

«በቃ አንተ ያዘው» አልኩትና ስልኩን ዘጋሁት።

ሁለት እጆቼን ጭኔ ስር ከትቼ ተቀመጥኩባቸው። ጣቶቼን ያሳክከኛል። «በመነሳት ላይ» ይላል፣ አሁንም «በመነሳት ላይ»። ከዚያ «በሥራ ላይ» አለ።

ብዙም ሳይቆዩ ሐኪሙ ደወሉ። «መጣልኝ! ልጀምር ነው። ባለቤትሽ እንዳስተካከለው ደውሎ ነገረኝ፤ ጎበዝ ልጅ ነው፣ አመስግኝልኝ!»

ለልጅቷ እፎይ አልኩ፣ እውነቴን ነው፣ እንባዬም መጣ። ምስጋናውን ግን እስካሁን አላደረስኩለትም።