የካፒታኖው ሳንቃዎች

ሰም እጅ ላይ ሲደርቅ ቆዳ ይዞ ነው የሚነሣ። ያን ዘመን እጄ ላይ ሰም ያልነበረበት ቀን ትዝ አይለኝም። ለታቦት ጧፍ ስሠራ ቢሆን እሺ፣ ድካሙም ጽድቅ አለው። እኔ ግን የማቀልጠው ለጣሊያን ሳንቃ ነበር። ሳቁ፣ ግድ የለም! እኔ ያኔ የሚስቅ ጥርስ አልነበረኝም።

ባሌን ታከለን «ለአርበኞች እህል ጭነሃል» ብለው ያዙት። ጭኖ ነበር፣ ምን ይደበቃል። ቡሬ ምሽጉ ውስጥ አስገቡትና ስንቅ ይዞ በር ላይ መቆም ሥራዬ ሆነ። አንድ ቀን የምሽጉ አለቃ፣ ካፒታኖ የሚሉት ረጅም ሰውዬ፣ ሲወጣ እግሩ ላይ ወደቅሁ። አስተርጓሚው ጁማ ነበር፤ የቡሬ ነጋዴ ነው፣ ምጽዋ ወርዶ ሲነግድ ቋንቋቸውን የለቀመ፣ ሰው የማይጎዳ ሰው። ካፒታኖው «ሥራዋ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀው። ጁማም አዝኖልኝ ነው መሰለኝ፣ «ጧፍ ትሠራለች፤ ከሰም ጋር የኖረች ናት» አለልኝ።

በዚህች ቃል ተያዝኩ። ካፒታኖው ፊቱ በራ። ከማደሪያው ሁለት ሳንቃ አስመጣ፤ ከሰው የሚረዝሙ፣ እንደ መዳፍ የጠበቡ፣ ጫፋቸው ወደ ላይ ቆልመም ያለ። አገሩ ተራራ ላይ እነዚህን እግሩ ሥር አስሮ በበረዶ ላይ ይንሸራተት ነበር አሉ። አሁንም ክረምቱ ሲወጣ፣ ጮቄ ተራራ ላይ በረዶ ሲነጣ ሊሄድባቸው ነው። እስከዚያ ሆዳቸው፣ በረዶው ላይ የሚያርፈው ወገን፣ እንዳይደርቅ በየሳምንቱ መጽዳትና ሰም መጠጣት አለባቸው። «ጮቄ ላይ ደስ ብሎኝ ተንሸራትቼ የተመለስኩ ዕለት ባልሽን እለቅልሻለሁ» አለኝ በጁማ አፍ።

እኔ የማውቀው በረዶ ገብስ አጭዶ ነው የሚሄድ፤ ማን ይንሸራተትበታል? ግን የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ተሸክሜያቸው ቤቴ ገባሁ።

ሳንቃውን ሆዱን ወደ ላይ አድርጌ ሁለት ሙቀጫ ላይ አጋድመዋለሁ። አሮጌውን ሰም በብረት መፋቂያ ወደ አንድ ወገን ብቻ እፍቃለሁ፤ ወዲያ ወዲህ ካልኩ ይጫራል። መሐሉ ላይ ያለችውን ቀጭን ቦይ በስንጥር እጠርጋለሁ። የቀረውን እድፍ ላምባ በነካ ጨርቅ አስለቅቃለሁ፤ ሽታው ራስ ምታት ነው። ከዚያ ካውያውን በፍም አግዬ ሰሙን አስነካውና ሳንቃው ላይ ጠብ ጠብ አደርገዋለሁ። ካውያው መቆም የለበትም፤ ከቆመ እንጨቱ ያራል። ሰሙ ጠልቆ ሲበርድ እንደገና መፋቅ፣ ከዚያ በሱፍ ጨርቅ ማሸት፣ ማሸት፣ ማሸት። ቅዳሜ ካፒታኖው ይመጣና ጣቱን ያሳልፍበታል፣ አፍንጫውን አስጠግቶ ያሸተዋል። ያመጣው ሰም ሲያልቅ ከገበያ ሰፈፍ እያመጣሁ እያነጠርኩ ቀጠልኩ። ለማርያም የተሳልኩት ጧፍ ቀረ። እመቤቴ ይቅር ትበለኝ፣ ሰሟን የጣሊያን ሳንቃ ጠጣው።

ክረምቱ ወጣ። ካፒታኖው ጮቄ አልሄደም፤ መንገዱን አርበኞቹ ይዘውታል። ስለ ታከለ በጠየቅሁት ቁጥር «ከጮቄ መልስ» ይለኛል። እንደማይሄድ እኔም ጁማም እናውቃለን፤ ራሱም ሳያውቀው አይቀርም። ቀን እስኪያልፍ ያለፋል ይባላል፤ የኔው ቀን ግን ማለፉንም ረሳው። ክንዴ ብቻ አይደለም የደከመ፤ ተስፋ ማድረጉ ራሱ ደከመኝ።

በዚህ መሐል የታከለ አባት፣ አማቴ አድማሴ፣ ስለ ልጃቸው ሊጠይቁ ከማንኩሳ መጡ። እሳቸው ሞፈርና ቀንበር ጠራቢ ናቸው። የማንኩሳ ጎረምሳ ሁሉ ጠማማ ዱላውን የሚያስቀናው እሳቸው ዘንድ ነው፤ ቅቤ ቀብተው፣ እሳት ላይ አገላብጠው፣ ድንጋይ ጭነው ያሳድሩትና ቀጥ ብሎ ይነሣል። ምድጃ ዳር ተቀምጠው ስፍቅ ሲያዩኝ ሰነበቱና፣ «ይህን ያህል የሚታሹት ምነው አፍንጫቸው ጎበጠ?» አሉኝ።

«እንጃላቸው፣ አባባ» አልኳቸው።

አርብ ዕለት ወንዝ ወርጄ ልብስ አጥቤ ስመለስ ቤቱ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ሳንቃዎቹ ምድጃው አጠገብ ተጋድመዋል፤ ጫፋቸው ላይ የወፍጮዬ መጅና ትልልቅ ድንጋይ ተጭኗል። አማቴ ላባቸውን ጠረጉና ፈገግ አሉ።

«አቀናኋቸው። ደስ ይለውና ልጄን ይለቅልኛል።»

ልብሱ ከእጄ ወደቀ። «ወይኔ አባባ! ማን ይንኩ አለዎት?»

«ታዲያ ጎባጣ ይዞ ሰው ፊት ይቀረባል?» አሉኝ፣ ተቆጥተው። ጠማማ ሰጥቶ ቀጥ ብሎ ሲመለስለት ያልመረቃቸው ሰው የለም። ድንጋዩን እያነሣሁ አለቀስኩ። ጫፎቹ ልክ እንደ ዱላ ቀጥ ብለዋል፤ የማን እጅ ሆነና።

ቅዳሜ ካፒታኖው ከጁማ ጋር መጣ። ሳንቃዎቹን አየ። ይጮሃል፣ ይመታኛል ስል የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለ። የቀናውን ጫፍ ደጋግሞ ዳበሰው። ጁማ ቃሉን እየዋጠ ተረጎመልን፤ ያ ጫፍ ካልተቆለመመ ሳንቃው በረዶው ውስጥ ይቀረቀርና ሰውየውን በአፍ ጢሙ ይደፋዋል። የሠሯቸውም ያገሩ ሰዎች ናቸው፤ እዚህ ሌላ አይገኝም።

«ማን ነው ይህን ያደረገ?» አለ ካፒታኖው።

እኔ አፌን ሳልከፍት አማቴ ተነሡ። «እኔ ነኝ።»

«ወደ ነበሩበት ይመልሷቸው። እስኪመለሱ ድረስ እርስዎ ምሽግ ይገባሉ።»

አማቴ አንዱን ሳንቃ አንሥተው አገላበጡት፣ አንገቱን፣ ያቀኑበትን ቦታ፣ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ከዚያ ከድስቴ ለስላሳ ሰም ቆንጥረው አንገቱ ላይ አሹት።

«ጁማ፣ ንገርልኝ» አሉ። «እመልሳቸዋለሁ። ግን ይህ ቤት ያለ ወንድ አይቀርም። ልጄን ይልቀቀውና እኔን ይያዝ።»

ካፒታኖው እሳቸውን አየ፣ ሳንቃዎቹን አየ። ለሱ ታከለ አንድ እስረኛ ነው፤ ሳንቃዎቹ ግን ያገሩ ናፍቆት ናቸው። በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ታከለ በዚያው ዕለት ወጣ፤ ተደግፎ። የእግር ብረቱ ቁርጭምጭሚቱን በልቶት እንደ ቅል አብጧል። ወደ ምሽጉ ዝር እንዳይል፣ ከደጁም እንዳይርቅ ነገሩት። ቢፈልግስ በምን እግሩ? እኔ በየቀኑ እግሩን በሞቀ ውሃ እያጠብኩ፣ ከዚያ ስንቅ አንጠልጥዬ ወደዚያው በር። ሰው ተለወጠ እንጂ መንገዱ ያው ነው። ታከለ «አባቴ ያቃተው እንጨት የለም፤ ዛሬ ነገ ይወጣል» ይለኛል። እኔም አመንኩ። ካፒታኖው ለአማቴ እሳትና እርጥብ ጆንያ ሰጥቷቸዋል፤ ሲመጣ «ገና ነው፣ እንጨት አይቸኩልም» ይሉታል።

አንድ ቀን ዘበኛው ፈንጠር ሲል ጠየቅኋቸው። «አባባ፣ መቼ ነው የሚጎብጡ?»

ጣቴን ያዙና ሳንቃው አንገት ላይ፣ ያሹት ሰም ሥር አስነኩኝ። ከዳር እስከ ዳር የሄደ ስንጥቅ አለ፣ ፀጉር የመሰለ።

«ሳቀናው ነው የሰነጠቀ። ላጎብጠው ብል ይሰበራል።»

«መቼ አወቁ?»

«ቤትሽ። ሰውየው ፊት።»

እዚያው መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። «ሲያውቅ ምን ያደርግዎታል? ይገድልዎታል እኮ!»

«እግሩ እስኪድን ሰውየውን ላቆየው» አሉኝ፣ የልጃቸውን እግር ማለታቸው ነው። «ከዳነ መሄጃ አያጣም፤ የአርበኞቹ በረሃ እዚያ ነው። አሁን ብትነግሪው በኔ ፋንታ ተመልሶ ይገባል። እንዳትነግሪው፣ ንግሥቴ። ብትነግሪው እግዜር አይፍታሽ።»

ጆንያውን አርጥበው ሳንቃው ላይ መልሰው ጠቀለሉት። ዘበኛው ሲመለስ ባዶውን አገልግል ይዤ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ታከለ ደጁ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ውሃውን አመጣሁና ፊቱ በርከክ አልኩ። እብጠቱ ጎድሏል፤ አጥንቱ ይዳሰሳል።

«እንዴት ሆነለት?» አለኝ። «እየጎበጡለት ነው?»

«እየጎበጡ ነው» አልኩትና እግሩን ማጠብ ጀመርኩ።