ሰባት ሰከንድ የዘገየ ሰው

…መስመሮቹ ደግሞ ይወርዳሉ፣ ቢጫ ቢጫ፣ ከላፕቶፑ ስክሪን አናት ወደ ታች ይንጠባጠባሉ፣ ሰው አለ ማለት ነው፣ በየመስመሩ አንድ ሰው የሆነ አገር ተቀምጦ ይጣራል፣ ፊደል ግን የለም፣ ፊደል የሚወጣበት ሳጥን ባዶ፣ ትናንት ባዶ፣ ረመዷን ከገባ ጀምሮ ባዶ፣ እኔ ደግሞ አፌን የሚይዝልኝ ሰው አጥቼ ዛሬ ጠዋት ሚስቴና ልጄ ፊት ወላሂ ብያለሁ። ወላሂ፣ ዛሬ እስክናፈጥር አንድ ሰው ካልመለሰልኝ ነገ በገዛ እጄ የአንቴናውን ሽቦ ከጣሪያ አወርዳለሁ፣ ሬዲዮውንም ለፈለጋችሁት ስጡት። በፆም አፍ። ማን አስገደደህ አንተ ሽማግሌ?

ረቢአ ናት ያናደደችኝ። ልጄ ክፉ አይደለችም፣ ባለፈው ሳምንት ሽቦውን ልወጥር ጣሪያ ላይ ወጥቼ ተንሸራትቼ አጥር ላይ ተንጠልጥያለሁ፣ ጎረቤቴ ሙህዲን ነው በመሰላል ያወረደኝ፣ የከሚሴ ባጃጅ ሁሉ ቆሞ እያየኝ። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ሰላም የላትም። ከንፈሯን እንዳነብ አፏን ከፈት ከፈት እያደረገች፣ አባባ፣ ጆሮህ እኮ ሄዷል፣ የማትሰማው ሬዲዮ ምን ያደርግልሃል፣ አንገትህን ልትሰብርበት ነው? አለችኝ። እውነቷን ነው። ያናደደኝም እሱ ነው፣ እውነቷን መሆኑ።

ጆሮዬ። እኔ ሙሀመድኑር፣ የእህል መጋዘኑ የሬዲዮ ሠራተኛ፣ በሞርስ፣ በዚያች ቲ ታ በምትለው ቁልፍ ስንት መልእክት ያሳለፍኩ፣ መብረቅ እየጮኸ እንኳ በጩኸቱ መሀል ማን እየመታ እንደሆነ ከእጁ የምለይ ሰውዬ፣ ይኸው ዛሬ ሚስቴ ዓፊያ አጠገቤ ድስት ብትጥል ዞር አልልም። ቀስ እያለ ነው የሄደው፣ መጀመሪያ ወፎቹ፣ ከዚያ የልጆች ድምፅ፣ መጨረሻ ላይ አዛኑ። ለአዛኑ አልቅሻለሁ፣ አሁንም ብቻዬን ስሆን አለቅሳለሁ።

መላውን ያመጣው ልጄ ቶፊቅ ነው። አዳማ ነው የሚሠራው፣ ለአረፋ መጥቶ ይችን አሮጌ ላፕቶፕ ከሬዲዮው ጋር በገመድ አሳስሮ፣ አባባ አብሽር፣ ከእንግዲህ በዓይንህ ነው የምትሰማው አለኝ። ኤፍቲ ኤይት ይሉታል። ድምፁን ኮምፒውተሩ ይሰማና ፊደል አድርጎ ያሳይሃል፣ አንተ ፊደሉን ትነካለህ፣ እሱ ድምፅ አድርጎ ይልካል፣ አሥራ አምስት ሰከንድ ትጣራለህ፣ አሥራ አምስት ሰከንድ ታዳምጣለህ፣ ዓለም ሁሉ ተራውን ጠብቆ፣ ቆጣሪው በየአሥራ አምስቱ ዜሮ ሲል እኩል ይጀምራል። ፈቃዱንም ረመዷን ሊገባ ሲል አዲስ አበባ ሄዶ አስጨረሰልኝ፣ የጥሪ ምልክት ተሰጠኝ፣ በስተርጅና አዲስ ስም ወጣልኝ። አደራ ያለኝ አንድ ነገር ነው፣ ሰዓቱን። የላፕቶፑ የሰዓት ባትሪ ሞቷል፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱም ይጠፋል፣ ኢንተርኔት ቢኖር ራሱ ያስተካክል ነበር፣ ኢንተርኔቱ የታለና፣ ስለዚህ አንተ ሙላው፣ ልክ አድርገህ። ልክ! ለኔ ነው ልክ የሚነገረኝ? ከመስጊድ የበለጠ ልክ ምን አለ? አዛኑን ባልሰማም ለመግሪብ፣ ፀሐይ ስትገባ፣ ሚናራው ላይ አረንጓዴ አምፖል ይበራል፣ በመስኮቴ አየዋለሁ፣ አምፖሉ ሲበራ በረመዷን ሠንጠረዡ ላይ የተጻፈውን ሰዓት ሞላሁ፣ ቢስሚላህ ብዬ ተጫንኩ። ይኸው፣ ባዶ።

ቆይ። ቆይ ቆይ ቆይ። እስቲ መስመሮቹን በደንብ ልያቸው፣ ፊደሉን ተወው፣ አነሳሳቸውን። ሁሉም እኩል ነው የሚነሱት። ይኼ የዳሩ፣ ያ የመሀሉ፣ ያ ቀጭኑ፣ አይተዋወቁም፣ ግን እኩል ተነሱ፣ እኩል ቆሙ፣ ሶላት ላይ እንደቆመ ሶፍ፣ እንደ ሰጋጅ ረድፍ። የኔ ሰዓት ግን ዜሮ ሲል አይደለም የሚነሱት። ዜሮ ሊል ሰባት ሲቀረው። እንደገና ልይ። ሰባት። እንደገና። ሰባት! ሶፉ በሙሉ ለሩኩዕ አጎንብሶ አንድ ሰው ብቻውን ተገትሮ ከቀረ የተሳሳተው ማነው፣ ሶፉ ነው? ያ ረቢ። ሬዲዮው ደህና ነው፣ ሽቦው ደህና ነው፣ ያ ሁሉ ጣሪያ ላይ መውጣት፣ ያ ሁሉ መንጠልጠል፣ የዘገየሁት እኔ ነኝ።

አብዶ! የአብዶ ሥራ ነው። ሙአዚናችንን አብዶን የማያውቀው የለም፣ ሰዓቱ ደርሶም ትንሽ ሳይቆይ አምፖሉን አያበራም። አንዴ፣ ምነው አብዶ፣ አንጀታችን ተጣበቀ እኮ ብለው፣ የሰው ፆም እኮ በኔ አንገት ነው፣ ፀሐይ ሳትገባ ከማስበላችሁ ትንሽ ባስርባችሁ ይሻለኛል አለኝ። ሐቁን ነው፣ ለፆም እሰየው፣ ጀዛከላህ፣ ለዚህ ማሽን ግን አብዶ ጉድ ሠራኝ፣ አይ፣ እሱ ምን አደረገ፣ እኔው ነኝ፣ ሰከንድን ከጥንቃቄ ጋር ያምታታሁ ሞኝ።

እና እውነተኛው ሰከንድ ማን ጋ ነው ያለው? ስልኬንም በዚያው አምፖል ነው የሞላኋት። በመስመሮቹ ልሙላው እንዳልል በዓይን ግምት እንደገና ልሳሳት ነው፣ ግምት በቅቶኛል። አስብ አንተ ሰውዬ፣ አስብ። ሬዲዮ ጋ ነዋ! የውጭ ጣቢያ ሰዓት ሲሞላ ይመታል፣ አምስት አጭር፣ አንድ ረዥም፣ ረዥሙ ሲጀምር እሱ ነው ልኩ። ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይመታል፣ እሱም ደርሷል፣ ጥላው በሩን አልፏል። የሚቀጥለው አንድ ሰዓት ላይ ነው፣ ያኔ አፍጥረናል፣ ወላሂዬም አልፏል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለኝ። እሱም ጆሮ ላለው ሰው።

ዓፊያ! ዓፊያ! ምን ያህል እንደጮኽኩ አላውቅም፣ የሙህዲን ዶሮዎች በረሩ። ሚስቴ እጇ ሊጥ በሊጥ ሆኖ ሮጣ ገባች፣ ደግሞ ወደቅክ? አልወደቅኩም፣ ኮቱ፣ ታኢ፣ ነይ ቁጭ በይ፣ ትንሿን ሬዲዮሽን ይዘሽ፣ ሲመታ ትሰሚያለሽ፣ አጭር አጭሩን ዝም በይው፣ ረዥሙ ሲጀምር ትከሻዬን ምቺኝ። ታየኛለች። ጣውንቴን ነው የምታስገለግለኝ? ይላል ከንፈሯ። ሬዲዮዬን ጣውንቴ ነው የምትላት፣ ከተጋባን ጀምሮ፣ ማታ ማታ ቤት አለመግባቴን በሷ ነበር የምታሳብበው፣ እውነቷን ነበር። ሳምቡሳው ያርርብኛል። ይረር! አልኩ፣ ከዚያ ደነገጥኩ፣ ዓፊያዬ፣ በአላህ፣ ዛሬ ብቻ።

እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ሄደች፣ ትንሿን ሬዲዮ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ መጣች፣ ከኋላዬ ቆመች፣ ረቢአም በሩ ላይ ቆማለች፣ ምን ሊያደርጉ ነው እንደሚል ሰው። ሞልቼዋለሁ፣ ለኛ አሥራ ሁለት፣ ለማሽኑ አሥራ ስምንት፣ ደቂቃው ዜሮ፣ ሰከንዱ ዜሮ፣ ጣቴ ቁልፉ ላይ ነው። ምንም የለም። ጭር ያለ ነገር ውስጥ ነው የምኖረው፣ ዛሬ ግን ጭርታው ይወጥረኛል፣ አልፎ ይሆን፣ ረስታው ይሆን፣ ዞሬ ልያት፣ አትዙር፣ እጇ ካንገቴ ሥር ተነሳ፣ አሁን ነው፣ አይደለም፣ አትቸኩል፣ ጧ! እስከ አጥንቴ። ተጫንኩ። ምን ዓይነት ምት ነው፣ የአርባ ዓመት የጣውንት ቂሟን ጨምራበት ነው ወላሂ፣ ኧረ ወላሂ ማለትህን ተው።

ሰከንዱ ይሄዳል። አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት፣ ዜሮ፣ መስመሮቹ ተነሱ፣ ከኔ ጋር፣ እኩል፣ ሶፉ ውስጥ ገባሁ፣ ኧረ ቶሎ በል፣ ከዚያ ሳጥኑ ሞላ። ፊደል! ከላይ እስከ ታች ፊደል፣ ጣልያን፣ ሩሲያ፣ ህንድ፣ አንዱ ሌላውን ይጣራል፣ አንዱ ለሌላው ይመልሳል፣ አላሁ አክበር፣ ስንት ዓመት ዝም ያለ ቤት አንዴ ሰው ሞላበት። ረቢአ አጠገቤ መጥታለች፣ አፏን ይዛለች። እንባዬን አላበስኩም፣ ትየው።

አሁን የኔ ተራ። ማን አለ የምትለዋን ጥሪ ከነምልክቴ ነካሁ፣ ሬዲዮው ሞቀ፣ ጠረጴዛው በእጄ ሥር ይነዝራል። ጠበቅኩ። የለም። እንደገና። የለም። ሌሎቹ ይገናኛሉ፣ በኔ ላይ ይሻገራሉ። እንደገና። ብርሃኑ እየቀላ ነው፣ ዓፊያ ሳምቡሳውን፣ ሾርባውን፣ ቴምሩን ደርድራለች፣ እንደገና፣ የለም፣ እንደገና፣ የቤቴ ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ይዘዋል፣ እኔ ጣቴን ዘርግቻለሁ፣ የኔም ዱዓ ነው፣ ያ ረቢ አንድ ሰው፣ የፈለግከውን አገር፣ እንደገና። ከዚያ በመስኮቱ አረንጓዴው በራ።

ዓፊያ ቴምሩን አፌ ውስጥ ከተተችው። ቢስሚላህ። ጣፋጭ ነው፣ ፍሬውን መዳፌ ላይ ተፋሁ። ረቢአ አታየኝም፣ አንገቷን ደፍታለች፣ ታሳዝነኛለች፣ እኔም አሳዝናታለሁ፣ አበቃ ማለት ነው፣ ነገ መሰላሉን ከሙህዲን፣ ሽቦውን…

አላወርድም።

ምን አልክ? አለች ዓፊያ፣ ጮክ ብዬ ተናግሬዋለሁ ማለት ነው። አላወርድም። መሐላህስ? መሐላዬን አፍርሻለሁ፣ ከፋራውን፣ የመሐላ ማፍረሻ ካሣውን፣ እወጣለሁ፣ አሥር ሚስኪን አበላለሁ፣ ካቃተኝም ከዒድ በኋላ እፆማለሁ፣ በዚህ በጨፋ ሜዳ ሐሩር እፆማለሁ፣ አላህ ይቅር ይለኛል፣ እኔ ግን ዛሬ ሰው እንዳለ አይቻለሁ፣ አሁን አይቼ እንዴት ነው ዞር የምለው? ጣሪያ ላይ ሙህዲን ይውጣልኝ፣ እሺ ረቢአ፣ እሱን ቃል እገባልሻለሁ፣ እኔ ጣሪያ አልወጣም። ከዚህ ወንበር ግን አልነሳም። እና እንደገና ነካሁት።

ረቢአ ግን የምታየው እኔን አይደለም። ዓፊያ ክንዴን ጨበጠችኝ፣ በሌላው እጇ ስክሪኑን ትጠቁማለች፣ ጃርሳ፣ አንተ ሽማግሌ፣ ቀይ ሆነ፣ ማል ጀዳ? ምን ይላል?

ቀይ መስመር። ቀይ የሚሆነው ለኔ ሲሆን ብቻ ነው። ምልክቴ ነው፣ የኔ፣ አዲሱ ስሜ፣ ቀጥሎ የሱ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ሱብሃነላህ፣ እዚያ ከመሸ ቆይቷል፣ ማን ይሆን፣ ቀጥሎ ቁጥር፣ አሥራ ስድስት ከዜሮ በታች፣ ደካማ ነህ ማለት ነው፣ ግን ደርሰኸኛል ማለት ነው። ሰማሁህ ይላል፣ አልኳት። ሰውዬው እኔን ሰማሁህ ይላል።

ቶፊቅ ራሱ ይመልስልሃል ብሎኝ ነበር፣ ማሽኑ። አይመልስልኝም፣ ራሱ ይመልስ የሚለውን ምርጫ አጠፋሁት፣ በገዛ ጣቴ ነው የምመልሰው። የሱን ቁጥር አየሁ፣ መልሱን ያዝኩ፣ ሰከንዱ ዜሮ እስኪል ጠበቅኩ፣ ነካሁት፣ ጠረጴዛው ነዘረ። አንተስ ምን አልከው? ይላል የዓፊያ ከንፈር።

እኔም ሰማሁህ አልኩት።