ያልታጨደው እርከን

"አባዬ፣ ማጭዱን አስቀምጥ!" አለ ፑቱ ከዥዋዥዌው ማማ ላይ ሆኖ።

ነንጋህ የጨበጠውን ዛላ አልለቀቀም። ሩዙ ደርሷል፤ ሲነኩት ይረግፋል። ከራሱ በላይ፣ ቀይ የኪራይ ቀሚስ የለበሰች እንግዳ በዥዋዥዌው ወደ ሸለቆው ተወርውራ እየጮኸች ተመለሰች። በዚያ የባሊ መንደር ከፍሎ መጮህ ከተጀመረ ሦስት ዓመት ሆኖታል።

ዥዋዥዌው የእትዬ ሚርና ነው፤ ገመዱን የሚጎትተው ፑቱ እያለከለከ ወረደ። "እትዬ ሚርና የእንግዳው ወቅት እስኪያልቅ አይታጨድ ብለዋል። ሁለት ወር ነው። የሩዙን ዋጋ እጥፍ ይከፍሉሃል።"

"ሁለት ወር ቆሞ የወፍ ቀለብ ሊሆን?"

"ይሁና! ገለባ ሊያይ ባሕር የሚያቋርጥ ሰው አለ?"

"ባጭደውስ?"

ፑቱ አንገቱን አከከ። "ዥዋዥዌውን ወደ ጎረቤታችን ወደ ዳርሳና መሬት ያዞሩታል። ዳርሳና ደግሞ ገመድ የሚጎትቱ ሁለት ጎረምሶች አሉት።"

የፑቱ ሚስት ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ያንን ማንሳት አላስፈለገውም።

የመንደሩን ውሃ በተራ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት፣ ጋሽ ሙድራ፣ አሥራ አንድ ሰው አስከትለው መጡ። ሁሉም ማጭድ ይዘዋል።

"ደቦው ደርሷል ነንጋህ፤ በየት በኩል እንጀምር?"

"የእኔ... ትንሽ ይቆይ።"

"ምን ያህል ትንሽ?"

"ሁለት ወር።"

ከደቦው አንዱ ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው።

"አብረን የምናጭደው ስለምንዋደድ መሰለህ?" አሉ ሙድራ። "እርሻው ሁሉ ባንዴ ባዶ ሲሆን ነው አይጥ በረሃብ የሚያልቀው። ያንተ ከቆመ ያገሩ አይጥ እዚህ ከርሞ ቡቃያችን ላይ ይዘምታል።"

"ልጁ ሥራውን ያጣል፣ ጋሼ።"

"እኛም ልጆች አሉን። ዥዋዥዌ ነው የሌለን።" ሰውየው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ደንቡን ታውቀዋለህ። እስከ አርብ ካልታጨደ ውሃህ ለዘለቄታው ይዘጋል። አባትህ ሲሞት ያንን ውሃ ያስረከብኩህ እኔ ነኝ። እባክህ እኔኑ እንድዘጋው አታድርገኝ።"

ነንጋህ ልጁን አየው። ፑቱ የእግሩን ጣቶች ይቆጥር ይመስል አቀርቅሯል።

"እናንተ ወደ ዳርሳና እለፉ" አለ ነንጋህ።

በጠባቡ ድንበር ላይ አንድ በአንድ አለፉት። ሲስቅ የነበረው ሰውዬ ትከሻው እንዳይነካው ዞር ብሎ ነው ያለፈው።

ፑቱም ወደ ማማው ተመልሶ ብቻውን ሲቀር መዶሻ አንስቶ ወደ ቦዩ ወጣ። ውሃ ማካፈያው ግንድ ላይ ለየቤቱ ድርሻው ውሃ የሚወርድበት የተቦረቦረ ጥርስ አለ። የነንጋህ ጥርስ አራት ጣት ይሰፋል፤ የፈለፈሉት አያቱ ናቸው። ሩዙ እስኪደርቅ ለጊዜው በሣር ተወትፏል። ሣሩን መዝዞ ጣለው። ውሃው ወደ እርሻው ሊገባ ሲንደረደር ነንጋህ ደረቅ የእንጨት ሽብልቅ ደቅኖ በመዶሻው መታው። ደግሞ መታው። ውሃው ትንሽ አመነታና ከጎረቤቶቹ ጋር ወረደ።

"አባዬ!" አለ ፑቱ ከማማው። "ቀና እንዳትል! እንዳጎነበስክ ቆይ፣ እንግዳዋ ፎቶ እያነሳችህ ነው!"

ሽብልቁ ጠብቋል፤ የቀረ ሥራ አልነበረም። ነንጋህ እንዳጎነበሰ ቆየ።