ክላይቭን ማንም አልጠየቀውም

እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ጋሽ ጳውሎስ ይህችን አይረሳትም፤ ስብሰባ ላይ አፌን በከፈትኩ ቁጥር "ቆይ መንግሥቴ፣ የተማሩት ይናገሩ" ይለኛል። እዚህ በስደት ያቋቋምነው የሐበሻ ኳስ ቡድን ሊቀ መንበር እሱ ነው። ቼሪ የሚባለው ጎዳና ላይ ሱቅ አለው፤ አርብ አርብ አሰላለፉን ጽፎ በሩ ላይ ይለጥፋል።

አራት ዓመት ሙሉ አምስት ቁጥር ለብሼ መሀል ተከላካይ ነበርኩ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ዳውንታውን የሰው መኪና ፓርክ አደርጋለሁ፣ እሁድ የሰው አጥቂ አቆማለሁ።

በፈረንጆቹ 1995 ኖቬምበር፣ ለሊጉ ፍጻሜ አንድ ሳምንት ሲቀረን፣ የቡድናችን ተጫዋች ናኦል ከሚሠራበት ፋብሪካ አንድ እንግሊዛዊ ይዞ መጣ። ክላይቭ ይባላል፤ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ፣ ፀጉሩ የሳሳ፣ ዝምተኛ ሰው። "አገሬ ተከላካይ ነበርኩ" አለ። በቃ! ጋሽ ጳውሎስ በሁለት እጁ ጨበጠው። የት ተጫወትክ፣ በየት በኩል ብሎ የጠየቀው የለም። እንግዳ ይመረመራል እንዴ? ነውር ነው።

አርብ በሩ ላይ ሳነብ አምስት ቁጥር ክላይቭ። እኔ ተቀያሪ፣ ያውም መጨረሻ ላይ።

"ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?"

"ምንም። እንግሊዝ መጥቶልን አንተን ላሰልፍ? ሰው ምን ይለናል?"

"አራት ዓመት ሲያዩኝ ምን አሉ?"

"ቅናት ነው የያዘህ። ሂድ ውሃ ጠጣ።"

እሁድ ሬኒየር ቢች ሜዳ፣ ክላይቭ ታኬታውን ሲያስር አጠገቡ ተቀመጥኩ። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ የት እንደተጫወተ ጠየቅኩት። ሳቀ። ለመንደሩ ቡድን አሥራ አራት ዓመት፣ በነፃ። ሥራው ቧንቧ ጥገና ነበር። ማሊያውን እናቱ ታጥብለት ነበር፣ እሷ ስትሞት ራሱ። ተመልካች በጣም በዛ የተባለ ቀን ስልሳ ሰውና ሁለት ውሻ። በሃያ ዓመቱ አንድ ትልቅ ክለብ ለሙከራ ጠርቶት፣ ሃያ ደቂቃ አይተው ሳንድዊች ሰጥተው ሸኙት።

"ያ ሳንድዊች እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም" አለኝ።

ሳልፈልግ ወደድኩት።

"መሀል ነበር የምትጫወተው?"

"ኧረ በጭራሽ! ዕድሜ ልኬን የግራ መስመር ተከላካይ ነኝ። በቴስታ አልችልም።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

"ጋብዘውኝ፣ የሰጡኝን ቦታ እንዴት እምቢ እላለሁ?"

ሮጬ ለጋሽ ጳውሎስ ነገርኩት። "ትሕትና ነው!" አለኝ። "ትልልቅ ሰዎች እንዲህ ናቸው። አንተ የት ታውቀዋለህ?"

ለፍጻሜው የገጠምናቸው የሜክሲኮዎች አጥቂ ረጅም ነበር። እረፍት ስንወጣ ሁለት ለዜሮ፤ ሁለቱም በቴስታ፣ ሁለቱም በክላይቭ አናት ላይ። ክላይቭ አቀርቅሮ ሣሩን ያያል። እንደዚያ ማቀርቀርን አውቀዋለሁ።

የእሁድ ሊግ ነው፤ ተቀያሪ እንደፈለገ ይገባል፣ ይወጣል። በግራ መስመር የሚጫወተው ናኦል ነበር፣ የጋሽ ጳውሎስ የእህት ልጅ።

"ናኦል፣ አንተ ተቀመጥ፤ እኔ እገባለሁ።"

"ማን አለ?"

"እኔ።"

"ኦኬ። ሶ አጎቴን አንተ ታስረዳዋለህ" ብሎ ዘፍ አለ። እግሩ አልቆ ነበር፣ ደስ አለው።

ክላይቭን ወደ ግራ ገፋሁት፣ መሀሉን እኔ ያዝኩ። ከዳር ጩኸት መጣ፦

"አንተ! ማን ፈቀደልህ? ውጣ!"

"መጥተው ያውጡኛ!"

ጋሽ ጳውሎስ ጭቃውን አየ፣ ነጭ ጫማውን አየ፣ ባለበት ቀረ።

አርባ አምስት ደቂቃ ያ ረጅም ሰውዬ አንድ ኳስ በአናቱ አልነካም። ክላይቭማ ሌላ ሰው ሆነ፤ ተንሸራቶ ይነጥቃል፣ ተነስቶ መስመሩን ይዞ ይነጉዳል። አንድ ጎል ያገባነው እሱ ባሻገረው ነው። ሁለት ለአንድ ተሸነፍን።

ማክሰኞ ኮሚቴው ተሰብስቦ በሥነ ሥርዓት ጉድለት ሦስት ወር አገደኝ። ጋሽ ጳውሎስ ወረቀቱን ገፋልኝ፣ "ፈርም" አለኝ። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ከስሜ ሥር "ከእረፍት በኋላ ስንት ገባብን?" ብዬ ጻፍኩበት።

አነበበው። "ይሄ ፊርማ አይደለም።"

"መልሱን ይንገሩኝና እፈርማለሁ" ብዬው ወጣሁ።

እስከ ዛሬ አልነገረኝም። እኔም አልፈረምኩም።